ሳህን የሌለበት ዳስ

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ዘሪሁን ደግሞ ሃያ አንድ። ከእናታችን ጋር ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ በሚገኝ የኪራይ ቤት እንኖር ነበር። አባታችንን ገና ልጆች ሳለን አጥተነዋል። ዘሪሁን በአዘቦት ቀን የሱቆችን በርና መስኮት ይቀባል፤ ቅዳሜ ማታ ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ ሆቴል ቤዝ ጊታር ይጫወታል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እቤት ልብስ እሰፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት እጄ የገባውን በማንበብና ጆሮዬን ጣል በማድረግ ነው። ስለዚህ ነገሩን አስረዝሜ ብነግራችሁ አትቀየሙኝ፤ ማሳጠር ማንም አላስተማረኝም።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገራችሁ፤ ቤቱን ካላወቃችሁት የዚያን ቀን የሆነው አይገባችሁም። አከራያችን አይ ሩቂያ ነበሩ። «አይ» በሐረሪ እናት ማለት ነው፤ እኛም እንደ ሠፈሩ ሰው እንደዚያ እንጠራቸዋለን። ቤቱ እንደ ሌላው የሐረሪ ቤት ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ቀይ የተቀባ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ፣ ጠባብ መስኮት። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ሳህን ተሰቅሏል። እማዬ አያቶቿ ከሸዋ የመጡ ክርስቲያን ናት፤ በሳህን ነገር ግን ከአይ ሩቂያ የምትለይበት የለም። ጊደር መጋላ ገበያ በወጣች ቁጥር አበባ ያለበት ሳህን ወይም ጎድጓዳ ነገር በነጠላዋ ሸፍና ትመለሳለች። ከሁሉም መሃል አረንጓዴ አበባ ያለባት ትልቅ ሳህን ነበረች። አባዬ በተጋቡ ዓመት የገዛላት ናት።

እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ነው የጊታር ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር የገባው።

አምፕሊፋየሩ የዘሪሁን አልነበረም፤ የባንዱ መሪ የጋሽ ኃይሉ ነው። ጋሽ ኃይሉ በወታደር ሙዚቃ ክፍል ውስጥ አርጅተው ጡረታ የወጡ አኮርዲዮን ተጫዋች ናቸው። የሆቴሉ ዕቃ ቤት ጣሪያው ስለሚያፈስ ሳጥኑ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ እኛ ዘንድ ይቀመጣል። ጥቁር ሳጥን ነው፤ ፊቱ ላይ እንደ ጆንያ ያለ ጨርቅ ተወጥሮበታል፤ አናቱ ላይ አራት ማዞሪያዎች አሉት። የተጻፈባቸው እንግሊዝኛ ነው። ዘሪሁን አንብቦልኛል፤ እኔ ግን የምጠራቸው በራሴ ስም ነበር፦ አንዱን «ድምፅ»፣ ሌሎቹን «ወፍራሙ»፣ «መሃሉ»፣ «ቀጭኑ»። ድምፅ የምለው ሁሉንም አንድ ላይ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። የቀሩት ግን እንደ ሰው ገላ ናቸው። ወፍራሙ የደረት ድምፅ ነው፤ መሃሉ የአፍ፤ ቀጭኑ የጥርስ። ጣት ክር ሲነካ የሚሰማው ጭረት ቀጭኑ ውስጥ ነው ያለው።

ዘሪሁን ሲለማመድ ሁለቱም እጆቹ ጊታሩ ላይ ስለሆኑ ማዞሪያዎቹ የእኔ ሥራ ሆኑ። መርፌዬን ልብሱ ላይ ሰክቼ ከሳጥኑ አጠገብ እቀመጣለሁ።

«ወይንዬ፣ ወፍራሙን ክፈቺልኝ።»

እከፍታለሁ። ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ሲመታ መጀመሪያ አረንጓዴዋ ሳህን «ዝዝዝ» ትላለች። ቀጥሎ ጎረቤቷ፤ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ።

«ዘሪሁን፣ ሳህኖቼን» ትላለች እማዬ ከጓዳ።

አይ ሩቂያ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ድምፃቸውን ያሰማሉ። «ብርነሽ፣ ወላሂ ሳህኖችሽ ጫት ቅመዋል እንዴ? የኔዎቹም አብረው መረቀኑ።»

«ልጄን ይቆጡልኝ አይ ሩቂያ።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ሲሰበሩ አዲስ ትገዢያለሽ ኢንሻአላህ።»

እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ አረንጓዴዋን ሳህን በመዳፏ ይዛ ዝም ታሰኛታለች፤ የሚያለቅስ ሕፃን ጀርባ እንደሚያዝ አድርጋ። እኔም ወፍራሙን እመልሳለሁ። ደግሞ ትንሽ እከፍታለሁ፤ ደግሞ እመልሳለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳህኖቹ የማይቆጡበትን ቦታ አገኘነው። ወፍራሙ እስከ ጥግ ተዘግቶ፣ መሃሉ ጭላንጭል ያህል ተከፍቶ፣ ቀጭኑ ከፍ ብሎ። ቦታው እንዳይጠፋን ከጎረቤት ልጅ ቀይ የጥፍር ቀለም ተውሼ በየማዞሪያው አጠገብ ነጥብ አደረግሁ።

እማዬ አይታ፣ «ለጥፍርሽ የከለከልኩሽን ለሳጥን ፈቀድሽለት» አለችኝ።

በነጥቦቹ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ እዚያ ቤት ውስጥ ደስ ይል ነበር። ሳጥኑ የነፈገውን ግድግዳውና መደቡ ይሞሉለታል። ሆቴሉም ጣሪያው ዝቅ ያለ ጠባብ ክፍል ስለነበር ዘሪሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚያኑ ነጥቦች ይከተላል፤ ችግር አልነበረም። እኔ ሆቴል መሄድ ስለማይፈቀድልኝ ወንድሜ ከቤት ውጭ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። በዓለም ላይ የቤዝ ጊታር ድምፅ ማለት ለእኔ ያ ነበር፤ ሳህን የፈቀደው ድምፅ።

ጥር ገባ። የሠርግ ወር ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ኃይሉ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እማዬ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ እሰፋለሁ፤ ዘሪሁን እጁን በናፍጣ ከቀለም ያጸዳል።

«እሁድ ሐኪም ጋራ ሥር ሠርግ አለን» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «የሙሽራዋ አጎት አቶ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ይመጣል። ባንድ አለው፤ ትልቅ ሆቴል ነው የሚጫወቱት። ቤዝ የሚጫወትለት ልጅ ትቶት ሄዷል። ስለ ዘሪሁን ነግሬዋለሁ። ‹ልስማውና ጆሮዬ ከወደደው ይዤው እሄዳለሁ› ነው ያለኝ። ሰኞ ይመለሳል። እንግዲህ ያለህ እሁድ ብቻ ነው ልጄ።»

ዘሪሁን የያዘውን ጨርቅ አጣጠፈው። መልሶ ዘረጋው።

እማዬ ከምስሩ ላይ ቀና ሳትል፣ «እዚያ የት ያድራል?» አለች።

 አይሄድም ማለት ስትፈልግ እማዬ አይሄድም ነው የምትለው። የት ያድራል ካለች በልቧ ሸኝታዋለች ማለት ነው።

ከዚያ እስከ እሁድ ዘሪሁን ምግብ አልበላም ብል ይቀለኛል። ቅዳሜ ጠዋት የጊታሩን ክር እየወለወለ፣ «ወይንዬ፣ ከሄድኩ ምን ልላክልሽ?» አለኝ።

«መጀመሪያ ሂድ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያንን ቤት ያለ እሱ አስቤው አላውቅም ነበር። እሱ ሲወጣ የምሰፋው ልብስ እንኳ ክሩ ይተበተብብኛል። በሌላ በኩል ቀለም እየቀባ ሲያረጅም ታየኝ፤ አርባ ዓመት ሞልቶት፣ መሰላል ላይ ቆሞ፣ የሰው ሱቅ በር ሲቀባ። የትኛውን እንደምመኝ ሳላውቅ እሁድ ደረሰ።

መንገዳችን ለመኪና አይበቃም። ሳጥኑን ሁለት ተሸካሚዎች በዘንግ አንጠልጥለው እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ አወጡት፤ ከዚያ በታክሲ ወደ ሐኪም ጋራ። እማዬና እኔ የሙሽራዋን እናት ስለምናውቅ ለማስተናገድ ቀድመን ሄደናል። ዳሱ ትልቅ ነበር። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተተክሎ ሸራ ተወጥሮበታል፤ አንደኛው ወገን ወደ ጋራው ክፍት ነው፤ ነፋሱ እየገባ ሸራውን ያነሳዋል። ከሌላው ወገን የቤቱ የድንጋይ ግድግዳ አለ። ሙዚቀኞቹ ከግድግዳው ራቅ ብለው፣ መሃል ላይ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ሆነው ተቀመጡ። የሙሽራዋ አክስት ሳጥኑ መሬት መቀመጡን ነውር አድርገው ጥልፍ ልብስ ያለበት ጠረጴዛ አስመጡለት። ጥቁሩ ሳጥን ሙሽራ መስሎ ከፍ ብሎ ተቀመጠ።

አቶ ሰሎሞን ከፊት ነበሩ። ግራጫ ሱፍ የለበሱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ቀጭን ሰው። ዘሪሁን ጎንበስ ብሎ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቀይ ነጥቦቹ ሲያመጣ ከሩቅ አየሁት። ጥንቃቄው የቄስ ነበር።

ጀመሩ።

አኮርዲዮኑ ተሰማ። ከበሮው ተሰማ። ዘፋኙ ተሰማ። የወንድሜ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ። ከሥራቸው ግን ምንም የለም። ትክ ትክ የሚል፣ ደረቅ እንጨት በጥፍር ሲመታ ያለ ነገር ብቻ። መጀመሪያ ጆሮዬ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። የያዝኩትን የወጥ ሳህን ሽማግሌዎቹ ፊት አድርጌ ቀረብ አልኩ። ያው ነው።

ጋሽ ኃይሉም ሰምተዋል። በዘፈኖቹ መካከል ጎንበስ ብለው ድምፅ የሚለውን ከፍ አደረጉት። ትክ ትኩ ጎላ እንጂ ወፍራም አልሆነም። ደግመው ከፍ አደረጉት፤ ሳጥኑ መነፋነፍ ጀመረ። ከሚዜዎቹ አንዱ ጮክ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያቺን በግ አውጧት፣ ታንቃለች» አለና ሰው ሳቀ። ጋሽ ኃይሉ ማዞሪያውን መለሱት። ዘሪሁን ፊቱ ላይ ላብ ወርዶ ክሮቹን በኃይል ይመታ ጀመር። ጣቱ ሊቆረጥ ነው ብዬ ሰጋሁ።

አቶ ሰሎሞን መጀመሪያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። ቀስ በቀስ ቀና አሉ። በኋላም ወደ ጎረቤታቸው ዞረው ስለ መንገድ፣ ስለ ባቡር ያወሩ ጀመር። ያ ከሁሉ የባሰ ነበር። ቢሰድቡት ይሻል ነበር።

ምሳው አልቆ ሽማግሌዎች ሊመርቁ ነው። ከምርቃቱ በኋላ ሙሽራዋ ትወጣለች፤ ሰው ይከተላታል፤ ዳሱም ይበተናል። ከምርቃቱ በፊት የቀረው ጨዋታ አንድ ወይ ሁለት ነው።

እዚያ ቆሜ፣ ባዶ ሳህን በእጄ ይዤ፣ ሳህኗን አየኋት። ሳህን። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚህ ሳህን የለም። የሚቆጣ ግድግዳ የለም፤ የሚሞላለት መደብ የለም። ሸራና ነፋስ ነው። ለእማዬ ሳህኖች ብለን ያሰርነውን ድምፅ ሳህን የሌለበት ዳስ ውስጥ እንደታሰረ አምጥተነዋል። ዘሪሁን ጣቱን ይጠራጠራል እንጂ ነጥቦቹን አይጠራጠርም፤ ያደረግሁለት እኔ ነኛ።

ወደ እማዬ ሄድኩ። ከሴቶቹ ጋር ጠጅ ትቀዳለች።

«እማዬ፣ ሳጥኑን ላስተካክለው።»

«ምን አባሽ ቆርጦሽ ነው ከወንዶች መሃል የምትገቢው።»

«ወፍራሙ ተዘግቷል። እንደ ቤታችን ነው የዘጋው። ለሳህኖቹ እንደዘጋነው።»

እማዬ ወደ ዘሪሁን አየች። ወደ አቶ ሰሎሞን አየች። ነጠላዬን ይዛኝ ነበር፤ አሁንም እንደያዘችኝ ነው። ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም፤ እኔም ከዚያ በኋላ ጠይቄያት አላውቅም።  ከዚያ ነጠላዬን ለቀቀችና በትሪ ላይ ብርሌዎች ደረደረች።

«ለሙዚቀኞቹ አድርሺላቸው» አለችኝ። «ሰው ምን ይዛ ሄደች ቢል ጠጅ ነው።»

ትሪውን ይዤ በዳሱ መሃል አለፍኩ።  ያ ሚዜ አየኝና፣ «ሙሽራዋ ሁለት ሆነች እንዴ?» አለ።  ትሪውን ለከበሮ መቺው ሰጥቼ ከሳጥኑ ኋላ ዞርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሽቦ ነው፣ ይነዝርሻል» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«ይተዋት ጋሽዬ» አለ ዘሪሁን።  «እሷ ናት የምታውቀው። ወይንዬ፣ ምን ነካው?»

«ቤታችን መስሎታል» አልኩት። «መሬት ይውረድ። ግድግዳው ሥር፣ ጥጉ ላይ።»

ጋሽ ኃይሉ አመነቱ። የሙሽራዋ አክስት ከሩቅ ዓይናቸውን አፍጥጠዋል። በመጨረሻ ጋሽ ኃይሉ ሚዜውን ጠሩት። «አንተ ባለ በግ፣ ና አንሳ» አሉት። ሳጥኑን ከጥልፉ ልብስ ላይ አውርደው የቤቱ ግድግዳ ከድንጋይ አጥሩ ጋር የሚገናኝበት ጥግ አስቀመጡት። እንደዚያ ያልኩት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ሳጥኑ ጥጉ ጋ ሲጠጋ ሳህኖቹ ይበልጥ ይቆጡ ነበር፤ ያንን ነው የማውቀው። እዚያ የሸሸሁትን እዚህ ፈለግሁት።

ተንበርክኬ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ተጀመረ።

ወፍራሙን ያዝኩና ከነጥቡ አላቅቄ እስከ ጥግ ከፈትኩት። ዳሱ ውስጥ ጎርፍ የገባ መሰለ። «ጉም፣ ጉም፣ ጉም»፤ ሁሉም ምት አንድ ዓይነት፣ ጭቃ በጭቃ። ከበሮ መቺው ዞሮ፣ «ከበሮዬን ዋጠው» አለ። ወደ ኋላ መለስኩ፤ ደግሞ መለስኩ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጭቃው ረጋ። ቀጭኑን ዝቅ አደረግሁት፤ ቤት ውስጥ ከፍ ያደረግነው ሳህን ስለማያስቆጣ ነበር፤ እዚህ ግን ጭረት ብቻ ነው የሚያመጣው። ድምፅ የሚለውንም ጋሽ ኃይሉ ከተዉበት ትንሽ ቀነስኩት። የገረመኝ ነገር፣ ዝቅ ሳደርገው ይበልጥ ተሰማ።

አሁን ደረት አለው። ደረት አለው ግን ቃል አይወጣውም። ሰው ያወራል ብላችሁ አስቡ፤ ከሌላ ክፍል የሚያወራ፣ ማን እንደሆነ የማይለይ። የቀረው መሃሉ ነው።

መሃሉ ላይ እጄን አደረግሁ። ቀና ስል ዘሪሁን እያየኝ ነው። ሌላ ጊዜ «ትንሽ ጨምሪ» ወይ «በቃ» ይለኛል፤ ያኔ ግን ለእኔ ተወው። የሚተኛበት መደብ ባዶውን ታየኝ። «ወይንዬ» የሚለኝ ሰው የሌለበት ቅዳሜ ጠዋት ታየኝ። ማዞሪያው ትንሽ ነው፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን። እሱን ሳዞር ወንድሜን ከቤት እንደማስወጣው እያወቅሁ ነው የያዝኩት።

አዞርኩት።

ቀስ አድርጌ፣ ቀስ አድርጌ፣ እያንዳንዱ ምት የራሱ ስም እስኪኖረው ድረስ። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ አንባቢዎቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ቆይታችሁ ዓይናችሁ ሲለምድ ዕቃው ሁሉ በየቦታው እንደሚታያችሁ ነው። ይኸኛው ምት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ያኛው ይጠብቀዋል፤ ሦስተኛው ከሥር ይይዛቸዋል። ወንድሜ ለካ እንዲህ ነበር የሚጫወተው። አብሬው እየኖርኩ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሲሄድብኝ ነው የሰማሁት።

ዘሪሁን ክሩን መደብደብ ተወ። ጣቶቹ ለስላሳ ሆኑ። አንድ ሽማግሌ መሬቱን በከዘራቸው ይመቱ ጀመር። አቶ ሰሎሞን የጀመሩትን ወሬ መሃል ላይ ተዉት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ወደ እማዬ ስዞር የጠጅ ብርሌዎቹ ፊቷ ተደርድረው እርስ በርስ እየተነካኩ ይንጫጫሉ። እማዬ መዳፏን ዘርግታ አንዷን ብርሌ ይዛታለች። ሌሎቹን ተወቻቸው፤ ይንጫጩ።

ምርቃቱ አልቆ ሙሽራዋ ስትወጣ አቶ ሰሎሞን ወደ ጥጉ መጡ። የዘሪሁንን እጅ ገልብጠው ጣቶቹን አዩ።

«መጀመሪያ ምን ሆነህ ነበር?»

«ቤቴ መስሎኝ ነው» አለ ዘሪሁን።

«ማን አስተካከለልህ?»

«እህቴ።»

ወደ እኔ ዞሩ። ጉልበቴ ላይ የሣር እድፍ አለ፤ ነጠላዬን ልሸፍንበት ስታገል፣ «ታዲያ እሷንም ልውሰዳት እንዴ?» አሉ እየሳቁ።

እማዬ ከኋላዬ መቼ እንደመጣች አላየኋትም። «አንዱ ይበቃዎታል» አለቻቸው።

አቶ ሰሎሞን ሳቃቸውን አቆሙ። ባርኔጣ ባይኖራቸውም ያወለቁ ያህል ጎንበስ አሉላት። «ይበቃኛል እመቤቴ» አሉ። «ነገ እኔ እቀድማለሁ፤ እሱ ተዘጋጅቶ ይከተለኝ።»

ዘሪሁን የቀረችውን ቀን፣ ሰኞን፣ እቤት ዋለ። አይ ሩቂያ ስንቅ ይዘው መጡ፤ «አላህ ይጠብቅህ፣ የኔ ሳህኖችም ይናፍቁሃል» አሉት። ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ከሳጥኑ ጋር አገናኝቶ ሊጫወት ሲቀመጥ እማዬ ከጓዳ ወጣች።

«እንደዚያኛው አድርገህ ክፈተው» አለችው። «እንደ ዳሱ።»

«ሳህኖችሽ ይረበሻሉ እማዬ።»

«ይረበሹ።»

«ተይ፣ አንዷ ብትወድቅ ለእኔም ይቆጨኛል» አለ። ማዞሪያዎቹን በራሱ እጅ ወደ ቀይ ነጥቦቹ መልሶ፣ በዚያች በታሰረችው ድምፅ ተጫወተልን። እማዬ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። አንድም ሳህን ዝዝ አላለችም። በማግስቱ ድሬዳዋ ድረስ ሸኘነው፤ ከዚያ በባቡር ሄደ።

ከሄደ በኋላ ጋሽ ኃይሉ ሌላ ልጅ አገኙ። ለሠርግ ሲጠሩ ግን እኔን ከእማዬ አስፈቅደው ይወስዱኝ ጀመር፤ እስካገባ ድረስ ከሳጥኑ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ገና ከመግባቴ ሸራውን አያለሁ፣ ግድግዳውን በእጄ እነካለሁ፣ ስንት ሰው እንደሚገባ እጠይቃለሁ። ከዚያ ነው ማዞሪያውን የምይዘው። ለቤት የሚሆነው ለዳስ አይሆንም፤ ለባዶ አዳራሽ የሚሆነው ሰው ሲሞላው አይሆንም። ይህንን ለልጆቼም በሌላ በሌላው ነገር ስነግራቸው ኖሬያለሁ፤ እነሱ ግን ስለ አምፕሊፋየር የማወራ ይመስላቸዋል።

እናንተም የድሮ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ዘፋኙን ለአፍታ ተዉትና ከሥሩ ያለውን ፈልጉት። መጀመሪያ አይሰማም፤ ጠብቁት። እዚያ ታች አንድ ሰው አለ፤ ሌሎቹን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድ፣ ስሙን ማንም የማይጠራው። እኔ የማዳምጠው እሱን ብቻ ነው። አንዳንዴ የዘሪሁን ጣት ይመስለኝና የያዝኩትን ሥራ አስቀምጣለሁ። ብዙ ዓመት በአዲስ አበባ ተጫወተ። ሐረር የመጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሁልጊዜ ለፋሲካ፣ ሁልጊዜ ችኮላ፣ ሁልጊዜ ያለ ጊታር። ዛሬ እሱም የለም፣ እማዬም የለችም።

እማዬ ግን እሱን በሸኘን በሳምንቱ ወንበር ላይ ወጥታ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው አወረደች። አረንጓዴዋን መጨረሻ ላይ አወረደቻት። ሁሉንም አጥባ፣ አድርቃ፣ በጋዜጣ እየጠቀለለች የአባዬ ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው። አይ ሩቂያ ባዶውን ግድግዳ አይተው፣ «ብርነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«ልጁ ሲመጣ እንደ ልቡ ይክፈተው ብዬ ነው» አለች።

እስክትሞት ድረስ መልሳ አልሰቀለቻቸውም። ምስማሮቹን ግን አንዳቸውንም አልነቀለችም።